ልዕለ ጀግናው የማን ልጅ ነው? የኮሚክስ ታሪክና ከታናናሾቻችን ጋር የምናነባቸው አዳዲስ መጻሕፍት

አምና በትምህርት ዕረፍት ሰሞን፣ በሞዓዶናችን የቤት ሥራ ከምናግዛቸው ልጆች አንዱ የባትማን መጽሐፍ ይዞ መጣ። ልጁ ኪታ ዳሌት ነው። መጽሐፉን ታላቅ ወንድሙ ገዝቶ አልጋ ላይ ጥሎት አግኝቶ ነው ያመጣው። «አንብብልኝ» አለኝ። ቁጭ ብለን ገለጥነው። ሦስት ገጽ ሳንሄድ ደሙና ጭካኔው እኔን ራሴን አስደነገጠኝና ዘጋሁት። «ይሄ ለአንተ አይሆንም» ስለው ልጁ ፊቴን ትክ ብሎ አየና «ታዲያ ባትማን የልጆች አይደለም እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁለት። የሐኑካና የፑሪም ልብስ ሲገዛ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሲመረጥ፣ የልዕለ ጀግኖቹ ሥዕል የሌለበት ነገር የለም። ልጆቹ ገና ሳያነቡ ያውቋቸዋል። መጽሐፉን ሲከፍቱት ግን ለእነሱ አልተጻፈም። ነገሩ እንዴት እንዲህ ሆነ? ዛሬስ ታናሽ እህትም፣ ታላቅ ወንድምም፣ ወላጅም አብረው ሊያነቡት የሚችሉት ልዕለ ጀግና አለ ወይ? ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ በዚያን ቀን ልሰጠው ያልቻልኩት መልስ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ ወላጆቻችን። የኮሚክስ ታሪክ ይህን ተረት አፉን ያስይዘዋል።

ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ሁለቱም የተወለዱት በ1914 ነው። የተገናኙት በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ግሌንቪል በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ሁለቱም ከምሥራቅና ከምዕራብ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ልጆች ናቸው። ጄሪ ይጽፋል፣ ጆ ይሥላል። የጆ ቤተሰብ ድሃ ስለነበረ ልጁ ንጹሕ ወረቀት ሲያጣ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ይሥል ነበር። የጄሪ አባት ደግሞ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው። በ1932 ሌቦች ሱቁ ገብተው ሲዘርፉት ልቡ ቆመና እዚያው ሞተ። ልጆቹ ጥይት የማይበሳውን ሰው ማሰብ የጀመሩት በእነዚያ ዓመታት ነው።

ሐሳቡን ይዘው ብዙ በር አንኳኩ፣ ብዙ በር ተዘጋባቸው። በመጨረሻ በ1938 አንድ አሳታሚ ተቀበላቸው። ለሱፐርማን ሙሉ መብት የከፈላቸው 130 ዶላር ነበር፤ ለሁለት ተካፈሉት። «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በሰኔ 1938 ቀን ታትሞበት ወጣ። ዋጋው 10 ሳንቲም ነበር፤ ማንኛውም ልጅ ከኪሱ አውጥቶ ሊገዛው የሚችለው ማለት ነው።

በዚያ በመጀመሪያው ታሪክ ሱፐርማን ማንን እንደተዋጋ ብታዩ ትገረማላችሁ። ከሌላ ዓለም የመጣ ጭራቅ የለበትም። ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ያድናል፣ ሚስቱን የሚደበድብ ባልን ያስቆማል፣ የሕዝብ ተወካይን በገንዘብ የሚያባብል ሰውን ያጋልጣል። ይህ የድሃ ሰፈር ልጆች ምኞት ነው። አገሩ ጠፍቶ፣ ወላጆቹ በትንሽ መርከብ አስቀምጠው የላኩት ሕፃን፣ በሌላ ምድር፣ በሌላ ስም ያድጋል። ብዙ አንባቢዎች ይህን ሲያዩ በኦሪት ያነበብነውን የሙሴን ቅርጫት ያስታውሳሉ።

በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት 1939 ባትማን መጣ። እሱንም የሠሩት ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር የተባሉ ሁለት የአይሁድ ልጆች ናቸው። በመጽሐፉ ላይ ግን ለብዙ ዘመን የተጻፈው የኬን ስም ብቻ ነበር። ፊንገር ድሃ ሆኖ በ1974 ሞተ፤ ስሙ ከኬን ስም ጎን በይፋ መጻፍ የጀመረው በ2015 ነው። ሲገልና ሹስተርም ቢሆኑ ዓለም ሁሉ በሱፐርማን ሲከብር እነሱ በችግር ኖረዋል። በ1975 ጉዳያቸውን ለሕዝብ አሰምተው ኩባንያው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ሊከፍላቸውና ስማቸውን ሊመልስላቸው ተስማማ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልብ በሉ። ጃክ ከርቢ ሲወለድ ጃኮብ ኩርትዝበርግ ነበር። ስታን ሊ ስታንሊ ሊበር ነበር። ቦብ ኬን ሮበርት ካህን ነበር። ቢል ፊንገር ሚልተን ፊንገር ነበር። በዚያ ዘመን የአይሁድ ስም ይዞ ሥራ መፈለግ ከባድ ስለነበረ ብዙዎች ስማቸውን ይቀይሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች የፈጠሯቸው ጀግኖች ሁሉ ሁለት ስም ያላቸው መሆኑ ታዲያ ለእኔ አይገርመኝም። እናቴ እዚህ አገር በገባች በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ስሟን የጠየቃት ሰው «ይሄ ይከብዳል» ብሎ ሌላ ስም ጻፈላት። በመታወቂያዋ ላይ አንድ ስም፣ በቤት ውስጥ ሌላ ስም ይዛ ይኸው እስከ ዛሬ አለች። በየቤታችን እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። ልዩነቱ፣ የኮሚክስ ሰዎቹ የራሳቸውን ስም የቀየሩት ራሳቸው ናቸው።

ሒትለርን በቡጢ

ጦርነቱ ሲመጣ ኮሚክሱ ቀድሞ ዘመተ። በ1940 መጀመሪያ «ሉክ» የተባለ መጽሔት ሲገልንና ሹስተርን አንድ አጭር ታሪክ አሠራቸው፤ ሱፐርማን ሒትለርንና ስታሊንን አንጠልጥሎ ጄኔቭ ለፍርድ ሲያቀርባቸው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የናዚ ኤስ ኤስ ጋዜጣ ሲገልን በአይሁድነቱ እየሰደበ ጻፈ። ከክሊቭላንድ የመጣ አንድ የ25 ዓመት ወጣት በርሊን ድረስ አናዶ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ ካፕቴን አሜሪካን አወጡ። ከርቢ በ1917 በኒውዮርክ ሎወር ኢስት ሳይድ የተወለደ ነው፤ በዚያ ጊዜ የስደተኛ አይሁድ ድሆች ታጭቀው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። የመጀመሪያው እትም ሽፋን ላይ ጀግናው ሒትለርን አገጩ ላይ በቡጢ ይመታዋል። መጽሐፉ ለሽያጭ የቀረበው በ1940 መጨረሻ ነው፤ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ከመግባቷ አንድ ዓመት ገደማ በፊት። ሠሪዎቹ የማስፈራሪያ ደብዳቤ እስኪደርሳቸው ድረስ ብዙ ሰው ተቆጥቷል። ከርቢ በኋላ ራሱ ወታደር ሆኖ በ1944 ፈረንሳይ ዘመተ፤ ብርዱ እግሩን ጎድቶት ተመለሰ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946 የሱፐርማን የሬዲዮ ድራማ 16 ክፍል ያለው አንድ ታሪክ አስተላለፈ። ጥቁሮችን፣ አይሁድንና ስደተኞችን የሚያሳድደውን የኩ ክሉክስ ክላንን ቡድን የሚመስል ድርጅት ለአንድ የቻይና ተወላጅ ቤተሰብ ሲያስፈራራ ሱፐርማን ይቆምላቸዋል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ሬዲዮ ሥር ተቀምጠው ይህን ሰሙ። ይህችን ታሪክ በአእምሯችሁ ያዟት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

«ለልጆች አይሆንም» ያለው ማን ነበር?

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ እየቀረብን ነው። ከጦርነቱ በኋላ ልዕለ ጀግኖቹ ገበያቸው ቀዘቀዘና የወንጀልና የሚያስፈራ ታሪክ መጻሕፍት ገነኑ። አንዳንዶቹ በእርግጥ ለልጅ የሚሰጡ አልነበሩም። ወላጆች ደነገጡ። በ1948 በአንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች ልጆች ራሳቸው ኮሚክስ ሰብስበው በትምህርት ቤት ግቢ እንዲያቃጥሉ ተደርጓል። ናዚዎች መጽሐፍ ካቃጠሉ ገና 15 ዓመት ነው።

በ1954 ፍሬድሪክ ወርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ኒውዮርክ ላይ ተቀምጦ ጉዳዩን መረመረ። ወርተም ክፉ ሰው ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። በሐርለም ሌላ ቦታ ሕክምና ለማያገኙ ጥቁሮች በትንሽ ሳንቲም የሚያክም ክሊኒክ ከፍቶ ነበር። ጥቁርና ነጭ ልጆችን በተለያየ ትምህርት ቤት መለየት ልጆቹን እንደሚጎዳ ያቀረበው ማስረጃም በፍርድ ቤት ረድቷል። ለልጆች የሚያስብ ሰው ነበር። ብቻ ይህን ጉዳይ ሲይዝ ማስረጃውን ለፈለገው መደምደሚያ እንዲመች አድርጎ አስተካክሎት እንደነበረ የግል ወረቀቶቹን የመረመረች አንዲት ተመራማሪ በ2012 አሳይታለች።

አሳታሚዎቹ መንግሥት ሕግ ሳያወጣባቸው ብለው በ1954 የራሳቸውን ደንብ አወጡ። ከደንቡ ጋር የተስማማ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ማኅተም ይመታበታል፤ ማኅተም የሌለውን አከፋፋይ አይቀበለውም። ደንቡ ክፉ ሁልጊዜ እንዲቀጣ ያዝዛል። ዞምቢና ቫምፓየር ይከለክላል። ፖሊስንና ዳኛን ክብር በሚያሳጣ መንገድ ማቅረብም ክልክል ነው። ሱፐርማን በመጀመሪያው እትሙ ጉቦኛን ያሳደደ ጀግና አሁን ባንክ የሚዘርፍ ሌባ ብቻ እንዲያሳድድ ተፈረደበት።

ደንቡ ማንን እንደጠበቀ ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። «የፍርድ ቀን» የምትባል የ1953 አጭር ታሪክ አለች፤ የጻፋት አል ፌልድስታይን፣ የሣላት ጆ ኦርላንዶ ነው። የጠፈር ልብስ የለበሰ የምድር መልእክተኛ ሮቦቶች ብቻ የሚኖሩበት ዓለም ይሄዳል። ብርቱካናማዎቹ ሮቦቶች ጥሩ ሰፈር ይኖራሉ፣ ሰማያዊዎቹ ከአውቶቡስ ኋላ ይቀመጣሉ፤ የውስጥ ሥራቸው ግን አንድ ነው። መልእክተኛው «ገና አልደረሳችሁም» ብሎ ወደ መርከቡ ይመለሳል። በመጨረሻው ሥዕል ላይ የራስ ቁሩን ሲያወልቅ ጥቁር ሰው ነው።

ይህችን ታሪክ በ1956 መጀመሪያ ድጋሚ ለማተም ሲፈልጉ የደንቡ ኃላፊ፣ ሰውየው ጥቁር መሆን የለበትም አለ። እንግዲህ የታሪኩ ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነው! አሳታሚው ዊልያም ጌንስ እምቢ አለ፤ ለጋዜጠኞች እናገራለሁ ብሎም አስፈራራ፤ ታሪኳ እንዳለች ታተመች። ከዚያ በኋላ ግን ያ አሳታሚ ኮሚክስ ማተሙን ተወ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት፣ «ለልጆች አይሆንም» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ልጆችን ለመጠበቅ ብቻ እንደማይነገር ነው። አንዳንድ ጊዜ ትልቁ ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር የሚሸፍንበት ነጠላ ነው።

ጀግኖቹ አደጉ፣ ልጆቹ ውጭ ቀሩ

በ1960ዎቹ ስታን ሊ ከጃክ ከርቢና ከስቲቭ ዲትኮ ጋር ሆኖ ነገሩን አነቃው። በነሐሴ 1962 የወጣው ስፓይደርማን የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው፣ አክስቱ የምታሳድገው ተማሪ ነበር። በሐምሌ 1966 ሊና ከርቢ ብላክ ፓንተርን አስተዋወቁ፤ በትልልቆቹ አሳታሚዎች ዘንድ የመጀመሪያው ጥቁር ልዕለ ጀግና ነው፤ ያውም የማንም ቅኝ ያልሆነ አፍሪካዊ አገር ንጉሥ። በ1971 የአሜሪካ የጤናና የትምህርት መሥሪያ ቤት ስለ አደገኛ ዕፅ ለወጣቶች ጻፉልን ብሎ ሲጠይቅ ስታን ሊ በስፓይደርማን ጻፈው። ደንቡ ከለከለ፤ ሦስቱም እትሞች ያለ ማኅተም ወጡ፤ ሰማይም አልተደፋም። ደንቡ በዚያው ዓመት ላላ።

እዚህ እስራኤል ደግሞ ዑሪ ፊንክ የተባለ የ15 ዓመት ልጅ በ1978 «ሳብራመን» የሚባል እስራኤላዊ ልዕለ ጀግና ሠራ። ያቦካው እንደገና ልጅ ነበር። ስለ እስራኤል ኮሚክስ ማወቅ የሚፈልግ ከ2007 ጀምሮ ሖሎን ውስጥ ያለውን የካሪካቸርና የኮሚክስ ሙዚየም ይጎብኝ፤ ለሞዓዶን ጉዞ ጥሩ ቦታ ነው።

ከዚያ 1986 መጣ። በዚያ ዓመት የፍራንክ ሚለር ያረጀውና የመረረው ባትማን፣ እንዲሁም የአለን ሙርና የዴቭ ጊበንስ «ዋችመን» ታተሙ። ሁለቱም ለአዋቂ የተጻፉ ጠንካራ ሥራዎች ናቸው። ችግሩ ከእነሱ በኋላ የመጣው አስመሳይ ነው፤ ብዙው ሰው ጥልቀቱን ትቶ ደሙን ብቻ ቀዳ። በዚያ ላይ ኮሚክስ ከጋዜጣ መሸጫ ወጥቶ አዋቂ ሰብሳቢዎች ወደሚሄዱበት ልዩ ሱቅ ገባ። ልጅ በአሥር ሳንቲም የሚገዛው ነገር ቀረ። ማኅተሙም ቀስ በቀስ ሞተ፤ ማርቬል በ2001 ተወው፣ የመጨረሻዎቹ አሳታሚዎች በ2011። በፋንታው ዛሬ አሳታሚዎች በሽፋኑ ላይ የዕድሜ ምልክት ያደርጋሉ።

ስለዚህ ለዚያ ልጅ መልሱ ይህ ነው፦ ባትማን የልጆች ነበር፣ ትልልቆቹ ወሰዱት። ደስ የሚለው፣ ባለፉት ዓመታት ለልጆቹ መልሰው መጻፍ ጀምረዋል። ያውም ልጆቹን ሳያታልሉ።

እንግዲህ የትኛውን እናንብብ?

ከዚህ በታች ያሉትን አንብቤ፣ አብዛኞቹንም ከልጆች ጋር ሞክሬ ነው የምመክራችሁ። ዕድሜውን የጻፍኩት በራሴ ግምት ነው።

የመጀመሪያው «ሱፐርማን ስማሽስ ዘ ክላን» ነው፤ ሱፐርማን ክላንን ያደቅቃል እንደማለት። ጂን ሉን ያንግ ጽፎት፣ ጉሪሂሩ የሚባሉ ሁለት ጃፓናውያን ሴቶች ሥለውታል። በ2019 እና በ2020 ወጥቶ በ2021 የኮሚክስ ትልቁን ሽልማት አይዝነርን አገኘ። ያቺን የ1946 የሬዲዮ ታሪክ ወስዶ ነው የሠራት። የሊ ቤተሰብ ከቻይናዎች ሰፈር ወጥቶ ወደ ሜትሮፖሊስ ይገባል። አባትየው አዲስ ሥራ አግኝቷል፤ ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ እንዲናገሩ ይፈልጋል። እናትየው ትቸገራለች። ወንድ ልጁ ቶሚ ኳስ ስለሚችል ቶሎ ይለምዳል። እህቱ ሮበርታ ግን ሆዷ ይረበሻል፣ የድሮ ቤቷ ይናፍቃታል፤ ቤት ውስጥ ስሟ ላን ሺን ነው። አንድ ሌሊት በግቢያቸው እሳት ይነድዳል። ሱፐርማን ይደርስላቸዋል፤ ግን እሱም የሚደብቀው ነገር አለው። ገና መብረር አይችልም፤ መጻተኛነቱን ስለሚፈራ አቅሙን ሁሉ አይጠቀምም። ማን ያግዘዋል ብትሉ፣ ያቺ ፈሪ የምትባለው ልጅ። ከ9 ዓመት ጀምሮ ለሁሉም ይሆናል። አንድ መጽሐፍ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ ይሄን ግዙ።

ሁለተኛው «ሙን ገርልና ዴቪል ዳይኖሰር» ነው፤ በ2015 የተጀመረ ሲሆን ብራንደን ሞንትክሌርና ኤሚ ሪደር ጽፈውት ናታቻ ቡስቶስ ሥላዋለች። ሉኔላ ላፋዬት የዘጠኝ ዓመት ጥቁር ልጅ ናት፤ ከክፍሉ ሁሉ ብልህ ናት፣ ጓደኛ ግን የላትም። አንድ ትልቅ ቀይ ዳይኖሰር ጓደኛዋ ይሆናል። ዳይኖሰሩን በ1978 የፈጠረው ጃክ ከርቢ ነው። ሉኔላ የምትኖረውም በሎወር ኢስት ሳይድ፣ ከርቢ በተወለደበት ሰፈር ነው። የድሮዎቹ ስደተኞች ልጅ የሣለውን ዳይኖሰር ዛሬ በዚያው ሰፈር አንዲት ጥቁር ልጅ ትጋልበዋለች። ከ7 ዓመት ጀምሮ ደስ ይላቸዋል፤ ሳይንስ ለሚወዱ ሴት ልጆች በተለይ።

ሦስተኛዋ «ስኩዊረል ገርል» (የሽኮኮዋ ልጅ) ናት። ራያን ኖርዝ ጽፎት ኤሪካ ሄንደርሰን የሣለችው እትም በ2015 ተጀመረ። ዶሪን ግሪን ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር፣ የሽኮኮ ጭራ ያላት ተማሪ ናት። ዓለምን ሊውጥ የመጣውን ጋላክተስን ቁጭ አድርጋ አነጋግራው፣ ርቦት እንደሆነ ጠይቃው፣ ሌላ የሚበላው አግኝታለት ትሸኘዋለች። የሀገራችን ሽማግሌዎች ነገር ሲያበርዱ የሚያደርጉትን ነው የምታደርገው። ሳቅ ለሚወዱ፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ።

አራተኛዋ «ሚስ ማርቬል» ናት፤ ጂ. ዊሎው ዊልሰን ጽፋው፣ ኤድሪያን አልፎና ሥሎት፣ በ2014 የጀመረው። ካማላ ካን በጀርዚ ሲቲ የምትኖር የፓኪስታን ስደተኞች ልጅ ናት፤ 16 ዓመቷ ነው። ቅርጿን የመለወጥ ኃይል ስታገኝ መጀመሪያ የምትሆነው ምን ይመስላችኋል? ፀጉረ ወርቅማ፣ ረጅም፣ ነጭ ጀግና። ከዚያ ልብሱም ፀጉሩም እንደማይመቻት ይገባትና የራሷን መልክ ትይዛለች። ወላጆቿ ጥብቅ ናቸው፣ ይጨነቃሉ፣ ይቆጣሉ፤ መጽሐፉ ግን አያሾፍባቸውም። ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ከእናቶቻችን ጋር መነጋገሪያ ይሆናል። በ2015 የሁጎን ሽልማት አግኝቷል።

ለትናንሾቹ በአንድ መጽሐፍ የሚያልቁ ሦስት ልጨምር። «ማይልስ ሞራሌስ፦ ሾክ ዌቭስ» በ2021 ወጣ፤ ጸሐፊው ጀስቲን ኤ. ሬይኖልድስ፣ ሠዓሊው ፓብሎ ሌዎን ናቸው። የስፓይደርማኑ ማይልስ እናት አገር ፖርቶ ሪኮ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ ልጁ ሩቅ ሆኖ ለዘመድ የሚረዳበትን መንገድ ይፈልጋል። ሩቅ አገር ዘመድ ያለው ሰው ይህ ስሜት ይገባዋል። በ2022 የወጣው የሮዝአን ኤ. ብራውን «ሹሪና ቲቻላ» የእህትና የወንድም ፉክክር ነው። ሹሪ የአያት የቅድመ አያት ሥርዓትን እኔ አሻሽላለሁ ብላ ትነካካና እናቷን አደጋ ላይ ትጥላለች፤ ከዚያ ከወንድሟ ጋር መድኃኒት ፍለጋ ይወጣሉ። በ2020 የወጣው «ዲያና፦ የአማዞኖች ልዕልት» ደግሞ በደሴቷ ላይ ብቸኛ ልጅ ስለሆነችው ስለ ትንሿ ዎንደር ውመን ነው። ሦስቱም ከ8 ዓመት ጀምሮ ይሆናሉ።

የመጨረሻው ከአዲስ አበባ ነው። በስራት ደበበ የፈጠረው «ጀምበር» በ2018 በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወጣ። ጀግናው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው፤ ኃይል ያገኘውም ሥራ ሲፈልግ ነው! ከእሱ በኋላ ሴት ጀግና ያላት «ሐዊ» ተከትላለች። አማርኛ ማንበብ ለረሳን ወይም ጨርሶ ላልተማርን ወጣቶች፣ ከወላጅ ጋር ተቀምጠን ፊደል የምንለምድበት ሰበብ ነው። ለ12 ዓመትና ከዚያ በላይ።

እንዴት እናንብብ?

ከእነዚህ አብዛኞቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ይህን እንደ ችግር አትዩት። ሥዕሉ ቃሉን ይተረጉመዋል፤ ለእንግሊዝኛ ባግሩት የምትዘጋጁም ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ ከካማላ ብዙ የንግግር እንግሊዝኛ ትማራላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የዕድሜ ምልክቱን እዩ፤ ግን በምልክቱ ብቻ አትመኑ። መሐሉን ገልጣችሁ አምስት ገጽ አንብቡ። ለታናሽ እህቴ ጮክ ብዬ ባነብላት አፍራለሁ ወይ? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ደግሞ ልጁን መጽሐፉን ሰጥታችሁ አትሂዱ። አብራችሁ ተቀመጡ። እናቶቻችንና አያቶቻችን ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም ባያነቡ ሥዕል ያነባሉ። ልጁ እየተረጎመ፣ አያት እየጠየቀች፣ ያ መጽሐፍ በምድጃ ዳር ከሚነገረው ተረት ብዙ አይርቅም።

ያንን ልጅ በኋላ አገኘሁት። የሱፐርማንን መጽሐፍ ይዤለት ሄጄ ለሦስት ሳምንት በየማክሰኞው ተቀምጠን ጨረስነው። ሮበርታ ሌላ ስም እንዳላት ያነበብን ቀን ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ «እኔም አያቴ ብቻ የምትጠራኝ ስም አለኝ» አለኝ። ትርጉሙን ያውቀው እንደሆነ ስጠይቀው አያውቀውም። «ጠይቃትና ማክሰኞ ንገረኝ» አልኩት።

ማክሰኞ መጣ። የነገረኝን እዚህ አልጽፍም፤ ስሙ የእሱ ነው። ግን የስሙን ትርጉም የሚያሳይ ጀግና በደብተሩ ሥሎ ነበር። መጎናጸፊያው ነጠላ ነው።